የእጅጋየሁ ሽባባው ድምፅና አጃቢዎቹ

በጎንደር አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው የመሰንቆ አውታር አንድ ብቻ መሆኑን ያውቃል። አንድ በመሆኑም ግጥሙ ይሰማል፤ አዝማሪው ቢሳሳት ስሕተቱን የሚሸሽግለት ሌላ መሣሪያ የለም። ቻግኒ የተወለደችውን የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) ዘፈኖች የመረመርሁት በዚህ ጆሮ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በስሟ የወጣው አልበም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ያዘጋጀው ሲሆን፣ ኸርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተውበታል። አልበሙ ተደነቀ፤ መደነቁም የሚገባው ነው። ሆኖም በብዙዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ድምፅዋ ሠርግ ቤት እንደ ገባ እንግዳ በሰው መካከል ሲጋፋ እሰማለሁ። «ዓድዋ» ላይ ግን አጃቢው ይለዝባል፤ ቃሏም ጎልቶ ይወጣል።

በ2003 «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም የወጣው «ዛየን ሩትስ» ይህንኑ መንገድ የተከተለ ይመስላል። አዘጋጁ ያው ላስዌል ነው፤ የኤሌክትሪኩ ጋጋታ ግን ቀንሷል። ትንፋሽዋ ይሰማል፤ ድምፅዋ በሐረግ መጨረሻ ሲሳሳም የሚሸፍነው የለም። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ድካም ይሉታል። እኔ ድፍረት እለዋለሁ። የእኛ አዝማሪ ብቻውን ቢቆምም፣ አድማጭ የነገረውን ግጥም ተቀብሎ ሲያዜም ኀዘኑ የሌላ ሰው ነው ብሎ ማምለጥ ይችላል። እሷ ግን ግጥሟን ራሷ የምትደርስ በመሆኗ ይህ ማምለጫ የላትም።

በ2006 በወጣው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» የኤሌክትሪኩ ድምፅ ተመልሶ መጣ። ስሙ ወርቅና ሰም ማለት ነው፤ ከቅኔ ቤት የተወሰደ። እኔ ግን ሰሙ በዝቶብኝ፣ ወርቁን ለመስማት ደጋግሜ ማጫወት ነበረብኝ።