የእርሾ ሕዋስና የጨው ጫና፦ የአንድ ጥናት ግምገማ

ብሩስተርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 በ«ሳይንስ» መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ሆግ1 የተባለው ጂን የጎደለው የእርሾ ሕዋስ በቂ ግሊሰሮል ማከማቸት ስለሚሳነው ጨው በበዛበት ውሃ ማደግ እንደማይችል አሳይቷል። ማስረጃው ጠንካራ ነው። ርእሱ ግን የኦስሞሲስ ጫናን ስለሚለይ መስመር ቢናገርም፣ ጫናውን የሚለየውን ፕሮቲን አያመለክትም፤ ኤስ.ኤል.ኤን.1 ይህን ተግባር እንደሚፈጽም የተገለጸው በ1994 ነው።

እንደ ጀልዴሳ ባለ ቆላ ለሚሠራ የጤና ባለሙያም ከጥናቱ የሚወሰደው ትምህርት ወሰን አለው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እንደ እርሾ ግሊሰሮል አከማችቶ አይድንም። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ኦ.አር.ኤስ. በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ፣ ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የውህዱን ጥንካሬ ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል በሊትር ዝቅ ማድረጉም ለጥንቃቄው አስረጂ ነው። ጥናቱ የሕዋስን ምላሽ ያስረዳል፤ የሕክምና መመሪያን ግን አይተካም።