ትምህርት ያልቀደመው መድረክ፦ ሙዚቃ በጎጃም ደጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የዘውዱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። እኚህ አርመናዊ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1924 ከ40ዎቹ ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ጋር ኢትዮጵያ ገብተው ቀሩ። የመዝሙሩ ግጥም ሲነሣ ደግሞ የቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ስም አብሮ ይነሣል። ዮፍታሔ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ በቅኔ ቤት አድገው አዲስ አበባ የገቡ ሰው ናቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩና ሲያስተዳድሩ ተውኔትና መዝሙር እየደረሱ፣ እያለማመዱ ተማሪዎችን መድረክ ላይ አወጡ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መድረክ ገና ሲሟሽ ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጣ እጅ ነበረበት።

ዛሬ በዚያው ደጋ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ተማሪ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አይጠብቀውም። መድረክ ግን ይጠብቀዋል። የዚህ ዳሰሳ ጭብጥም እዚሁ ላይ ነው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የመድረክ እጦት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ያላስተማረውን በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ በሕዝብ ፊት እንዲያሳዩለት ተማሪዎቹን ይጠይቃል፤ ካሳዩትም በኋላ አያርማቸውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙዚቃን በአንደኛ ደረጃ አስገብቶት ነበር። በታችኞቹ ክፍሎች ከሥዕልና ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተጣምሮ፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ራሱን ችሎ ይሰጥ ነበር። በቅርቡ የተለወጠው ሥርዓተ ትምህርትም ሙዚቃን ከቲያትርና ከሥዕል ጋር በአንድ የጥበባት ትምህርት ሥር አድርጎ እስከ ስምንተኛ ክፍል አቆይቶታል። ከዚያ ወዲያ ይቋረጣል። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ሲቀጥል ሙዚቃ የለም። ድምፅ የሚጎረምስበት፣ ጣት የሚጠነክርበት፣ ልጅ የራሱን ዘፈን መምረጥ የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ትምህርቱ ይጥለዋል። በአንደኛ ደረጃም ቢሆን ክፍለ ጊዜውን ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው በሌላ ትምህርት የሠለጠነ መምህር ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ልጅ መሠረቱም ስስ ነው።

የቀረው የተጓዳኝ ክበብ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ትምህርት ቤቱ በሙሉ በሰሎሞን ሉሉ ዜማ የተዘጋጀውን የአሁኑን ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራል። ሺህ ልጅ በአንድነት ድምፁን የሚያሰማበት ብቸኛው ሰዓት ይህ ሲሆን፣ በየትኛው ከፍታ እንደሚጀመር፣ የት ላይ እንደሚተነፈስ ግን የሚነግራቸው የለም። በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ሞንታርቦውን ከፍቶ ግጥም፣ ማስታወቂያና ዘፈን ያሰማል። የወላጆች ቀን ሲደርስ የሙዚቃ ክበቡ ይጠራል፤ ጥቂት ሳምንት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይለማመዳል፤ በዕለቱ ከበሮ፣ እስክስታ፣ ፉከራና ቀረርቶ ይቀርባል። መሣሪያ ከሌለ የታዋቂ ዘፋኝ ሥራ ይከፈትና ልጆቹ በፕሌይባክ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ይህን ማቃለል አይገባም። ብዙ ልጅ ሰው ፊት መቆምን የተማረው በዚህ መድረክ ነው። ነገር ግን ፕሌይባክ የሚያቀርበውን ልጅ ልብ ብሎ ላየው ጉድለቱ ራሱን ይገልጣል። ሰውነቱ ምቱን ያውቀዋል፤ ዓይኑ ተመልካቹን ይይዛል፤ ትከሻው የአካባቢውን ውዝዋዜ ከነጠባዩ ያመጣዋል። ድምፁ ብቻ የለም። ያንን ድምፅ ለማውጣት ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ የሚለይለት፣ ቅኝቱን በክራር ላይ አስሮ የሚያሳየው ሰው አላገኘም። ጭብጨባው ካለቀ በኋላም የት ላይ ከቅኝት እንደወጣ የሚነግረው የለም።

ጎጃም ደግሞ መድረክና ትምህርት ሳይለያዩ የኖሩበት አገር ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ በቅኔ ስማቸው ከጎጃም ውጭ የናኘ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልቦለድ የቅኔ ቤቱን ሕይወት ያን ያህል አጥርተው የጻፉት ራሳቸው ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልደው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ስላለፉ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመሽ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያቀርባል። አስነጋሪው ቀድሞ የገባ፣ ታናናሾቹን የሚያደምጥ ተማሪ ነው። የተበላሸው ቤት እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። ከዚያ መምህሩ የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው በቃሉ ይይዛል። ጀማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እስከ መወድስ ይወጣል፤ ሲበቃም በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ ጆሮው በሠለጠነ ጉባኤ ፊት ቅኔውን በዜማ ያደርሳል።

በዚህ ሥርዓት ማቅረብ የሌለበት የትምህርት ቀን የለም፤ እርማት የሌለበት ማቅረብም የለም። የዜማ ቤቱም እንዲሁ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በቃል ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፉ ኖረው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን አደራጁት። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ከፊደሉ ራስ ላይ ሆነው ድምፁን ይመሩታል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥቂት ርቆ፣ በዕድሜ እኩያው የሆነ የአብነት ተማሪ በዚህ ጥብቅ የድምፅ ሥልጠና ውስጥ ያልፋል። ሁለቱ ልጆች ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ትምህርታቸው ግን አይገናኝም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነጻ ነውና የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ ድጓ ክፍል ውስጥ ይግባ ማለት አይቻልም፤ አይገባምም። የሚወሰደው የማስተማሪያው ዘዴ ነው፦ የታላቁ ተማሪ አስነጋሪነት፣ በየዕለቱ ማቅረብ፣ በጉባኤ ፊት መታረም። ለዚህ ዘዴ ትርፍ ሕንጻም ሆነ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አያስፈልግም።

የአብነት ትምህርት ቤቱን ስናደንቅ የማይሸፈን ነገር አለ። በሩ ለሴት ልጅ እምብዛም አልተከፈተም። በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እንዲህ ገኖ የሚጠራው የቅኔ ዕውቀታቸው ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ እንደ እርሳቸው ያለች ሴት መምህር እምብዛም ስለማትገኝም ጭምር ነው። ለአብዛኛዋ የጎጃም ልጃገረድ ሥርዓት ያለው የሙዚቃ ትምህርት ልታገኝ የምትችልበት ቦታ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ከዘጠነኛ ክፍል የሚወጣው ሙዚቃ ከሁሉ በላይ የሚያጎድለው እርሷን ነው።

ሌላው ዕዳ የአዝማሪነት ስም ነው። ማሲንቆ በሠርግና በጠጅ ቤት ሲወደድ ቆይቶ ባለማሲንቆው ሲናቅ ኖሯል። ልጁ ክራር ሲያነሣ የሚከፋው ወላጅ ዛሬም አለ። ያ ክራር በትምህርት ቤት፣ ውጤቱ ካርድ ላይ ሰፍሮ ቢሰጥ ኖሮ ግን የወላጁ ዓይን በሌላ መልክ ያየው ነበር። ፊዚክስ የተከበረው ሁሉም ወላጅ ስለገባው አይደለም፤ ካርድ ላይ ስላለ ነው።

የሚቀርበው ተቃውሞ ይታወቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ውጤት ማግስት ስለ ሙዚቃ ማንሣት ቅንጦት ይመስላል። ይሁንና ያ ትውልድ ሙዚቃ ተምሮ የወደቀ አይደለም፤ ሙዚቃ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ሳለ ነው የወደቀው። በዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ልማድ የሚያስተምረው፣ ማለትም በቃል መያዝ፣ በራስ መፍጠርና ስሕተትን በአደባባይ ማረም፣ ፈተናው ባዶ ሆኖ ያገኘው ክህሎት ነው።

«መሣሪያ የለም» የሚለውም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር የአገሬው መሣሪያዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው መጫወት ጀመሩ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ ለየብቻ የኖሩ ድምፆች ነበሩ፤ በኋላ ተስፋዬ ለማ የመሩት ይህ ቡድን በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ድረስ ዘልቆ አሳያቸው። የደጋው ገበሬ ልጅ ዋሽንቱን ከሸምበቆ ራሱ ይበሳል፤ የማሲንቆው ጭራ ከፈረስ፣ የከበሮው ቆዳ ከበሬ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ ኪቦርድ እስኪገዛለት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። የሚጎድለው መሣሪያዎቹን በአንድ ቅኝት አስተካክሎ የሚያጣምር መምህር ነው፤ ለዚህም የመምህራን ኮሌጆች ሥልጠና ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ማለት ይኖርበታል።

መድረኩን በሥርዓት ለማስያዝ ጎረቤት አገር ይታይ። የኬንያ የሙዚቃ ፌስቲቫል በ1927 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ዛሬም ትምህርት ቤቶች ከአካባቢያቸው እስከ አገር አቀፍ በየደረጃው ይወዳደሩበታል። የየብሔረሰቡ ባህላዊ ዘፈንና ውዝዋዜ ከአውሮፓው ኳየር ጎን የራሱ ዘርፍ አለው፤ አሸናፊዎቹም በፕሬዚዳንቱ ፊት ያቀርባሉ። የዚህ ጥቅም ከሽልማቱ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ እንዲኖር ማስገደዱ ላይ ነው። እኛም አገር በደርግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የተዋቀረው ኪነት በፕሮፓጋንዳ ቢጫንም ወጣቱን በየሳምንቱ አለማምዷል። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ስም ዛሬም የሚታወሰው በዚህ ነው። ከፖለቲካው የጸዳ፣ በትምህርት ቤት የቆመ ተተኪ አልተገኘለትም።

የክፍተቱ ዋጋ በግልጽ የሚታየው በአዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑበት ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በዲግሪ ያስተምራል። ከጎጃም ደጋ ተነሥቶ ለመግቢያ ፈተና የሚቀርብ ልጅ ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድም የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሳያይ፣ በግል መምህር ከሠለጠነ የከተማ ልጅ ጋር ይወዳደራል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ክፍል ለሌለው ልጅ ስለ ክራር ማውራት ከባድ ነው። ቢሆንም ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ የሚመለሱት ተማሪዎች ያዩትን አይተው ነው የሚመለሱት፤ በጋራ መዘመር ያን ጊዜ ከማንኛውም ዘመን ይልቅ ያስፈልጋቸዋል። ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የአብነት ጉባኤያት በአንዲት ከተማ፣ በደብረ ማርቆስ፣ ይገኛሉ። የወላጆች ቀን ዝግጅትን በመስከረም ጀምሮ፣ በየወሩ አንድ አርብ ከሰዓት ማቅረቢያ ማድረግ ይቻላል። በዳኝነት የዜማ መምህር፣ በሠርግ ያረጀ ባለማሲንቆና በሙዚቃ የተመረቀ ወጣት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ የሰጡት እርማት ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር ያው ተማሪ እንደገና ሲወጣ መጀመሪያ ያ ጽሑፍ ይነበብለት።