አሮጌ ቤት ስለ ማደስና ተቋራጭ ስለ መምረጥ

ቤቱን ሊያድስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኔ የሚመጣው የቀለሙን ዓይነት፣ የመስኮቱን ስፋትና የሳሎኑን ሴራሚክ በልቡ መርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እኔም ከግንበኝነት ተነሥቼ በተቋራጭነት ባሳለፍሁት ዘመን እንደ ለመድሁት፣ እርሱ ስለ ቀለሙ የሚያወራውን በትዕግሥት እየሰማሁ፣ ዓይኔን ግን ግድግዳው ከአፈር ጋር ከሚገናኝበት ከታችኛው ክንድ ላይ አላነሣም፤ ወጪው የሚበዛውም የሚያንሰውም፣ ከሠሪው ጋር የሚመጣው ጠብም የሚጸነሰው በዚያ ነውና።

የምናገረው ስለ አዲስ አበባ የጭቃ ቤት ነው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የሀገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ እየመነመነ በሄደ ጊዜ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ እርሱም ፈጥኖ የሚያድግና ቀጥ ብሎ የሚቆም በመሆኑ የብዙው ሰው ቤት ቋሚ ሆነ። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ቋሚው ተልጦ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ይተከላል፣ ማገሩ በአግድም በምስማር ይመታበታል፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት የቦካው ጭቃ በውስጥም በውጭም ይመረግበታል፣ ምርጊቱ ደርቆ መሰንጠቁን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ቀጭኑ ልስን ይከተለዋል። ዛሬ ይህን ግድግዳ መናቅ የሥልጣኔ ምልክት መስሎ ቢታይም፣ ጣራው እስካላፈሰሰና እግሩ እስካልራሰ ድረስ የሌሊቱን ብርድና የቀኑን ሙቀት ከስስ የብሎኬት ግድግዳ ይልቅ አሳምሮ እንደሚመክት በሁለቱም ዓይነት ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

መከራው ያለው በኅቡእ ቦታ ነው። የቋሚው እግር በአፈር ውስጥ ስለ ተቀበረ ርጥበትና ምስጥ ተባብረው ይበሉታል፤ ስለዚህም እንጨቱ ከመሬት በላይ ጤነኛ መስሎ ሳለ ከመሬት በታች ዱቄት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ቆሞ የሚታየው በቋሚው ጽናት ሳይሆን በማገሩ መያያዝና በጭቃው ክብደት ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። አሸንዳው ተቀዶ ውኃ ከሚያንጠባጥብበት ማዕዘን፣ ከማድ ቤቱ ወይም ከመታጠቢያው ጀርባ፣ ነፋስም ዝናቡን ከሚያመጣበት ወገን ልስኑን ትንሽ ትንሽ ማንሣት፣ አፈሩን አንድ ክንድ ያህል መቆፈር፣ ከዚያም የቋሚውን እግር በካቻቪቴ ወግቶ ማየት ይበቃል፤ ብረቱ ያለ ችግር ከገባ ያ ቋሚ ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ ተሸካሚ የሚሻ ሆኗል። መድኃኒቱም አለ፤ ጣራው በባላ ተደግፎ የበሰበሰው እግር ይቆረጥና ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ይገነባለታል፣ ነገር ግን ይህ የሚሠራው ክፍል በክፍል፣ የፊተኛው ግንብ ሳይጠና ሁለተኛው ሳይከፈት ነውና፣ ሥራውን በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ቤቱን ለእርሱ አለመስጠት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ጭቃውን በሲሚንቶ የመልበጥ ልማድ ነው። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅና ግትር ስለ ሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ከመሬት የሚወጣውም ርጥበት መተንፈሻ አጥቶ ከልስኑ በስተጀርባ ይከማችና ቋሚውን በሥውር ያበሰብሰዋል። የሽቦ መረብ ቢመታበት ውድቀቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ቀጥሎም ልስኑ በሰፊው እየተገሸለጠ ይወርዳል። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ጭቃውን በጭቃ ጠግነው፣ በላዩ ኖራ ቀብተው የሚተዉት ድኻ ስለ ነበሩ ብቻ አልነበረም። ተቋራጩ ሲሚንቶውን የሚወድደው በርክክብ ቀን አምሮ ስለሚታይ ነው፤ እኔም ቤቱን የምመርጠው በርክክብ ቀን በሚታየው መልኩ ቢሆን ኖሮ እስማማው ነበር።

ሌላው የዘመናችን ፈተና ሰፊ ሳሎን ነው። ሁለት ጠባብ ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ይፍረስ ይባላል፤ የሚያፈርሰውም ሰው የአቡጀዲውን ኮርኒስ ከፍቶ ወራጁ በምን ላይ እንዳረፈ ሳያይ መዶሻውን ያነሣል። በጉለሌ አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ስሙን የማልጠራው ተቋራጭ የመካከሉን ግድግዳ አንሥቶ፣ ሂሳቡንም ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ጣራው በመካከሉ ጎብጦ፣ የቆርቆሮው መጋጠሚያ ተከፍቶ፣ ባለቤቲቱ በሳሎኑ መካከል ባልዲ ደርድራ ነበር የጠበቀችኝ። «አባባ፣ ግድግዳው እኮ ቀጭን ነበር፤ ምን ይሸከማል ብዬ ነው» አለችኝ። እውነትም ቀጭን ነበር፤ ሆኖም ወራጆቹ ሁሉ የተጋጠሙት በእርሱ ራስ ላይ ነበር።

እንግዲህ ተቋራጭ የመምረጥ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላ ይመጣል እንጂ አይቀድምም፤ በበሩ ቆሞ ቤቱን ዙሪያውን ተመልክቶ «ይህን ያህል ይፈጃል» ብሎ ዋጋ የሚጠራ ሰው፣ ዋጋው ርካሽም ሆነ ውድ፣ የማያየውን ነገር ገምቶ የተናገረ ነውና። እኔ የምመክረው ከዋናው ውል በፊት ለመክፈቻው ሥራ ብቻ፣ ማለት ልስኑን ለማንሣት፣ እግሩን ለመቆፈርና ኮርኒሱን ለመክፈት፣ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ የሚወዳደሩት ተቋራጮች ሁሉ ያንኑ የተገለጠውን ነገር አይተው ዋጋ እንዲሰጡ ማድረግን ነው። ይህን ወጪ ከንቱ ብክነት የሚለው ባለቤት ይኖራል፤ የጣራ ዋጋ ከፍሎ የማያውቅ መሆን አለበት።

በሀገራችን ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ በዝምድና ይፈጸማል። የእድር ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ አበልጅ ይመጣል፤ እምነቱም መልካም ነው፣ ችግሩ የአበልጅን ግድግዳ በቱንቢ መለካት፣ የዘመድንም ወለል በውኃ ልክ መፈተሽ የሚያሳፍር ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ከዝምድናው በፊት የሠራውን ቤት ማየት ይገባል፤ የሚታየውም አሁን ቀለሙ ያልደረቀው ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ያለፈበት ይሁን። የዚያ ቤት ባለቤት «ሥራው ጥሩ ነው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ስለ ይሉኝታ ጥሩ ነው ይላል፤ «ሲያፈስ ስትጠራው መጣ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይናገራል።

በእጅ ዋጋ ብቻ ማሠራት ወይስ ከነዕቃው ማስረከብ ይሻላል ለሚለው፣ ለእድሳት የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ስንት ቋሚ እንደሚለወጥ አስቀድሞ በእርግጥ ስለማይታወቅ፣ ከነዕቃው የተዋዋለ ሰው ጥርጣሬውን ሁሉ በዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ዳሩ ግን ይህ የሚሆነው ባለቤቱ በየቀኑ ብቅ ሲል ነው። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ ለወላጆቹ ቤት ገንዘብ የሚልክ ልጅ የሚደርሰው ፎቶግራፍ የተቀባውን ግድግዳ እንጂ እግሩን አያሳይምና፣ እንዲህ ያለው ሰው ግንቡ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ እንዲነሣለት በውሉ ያስጽፍ፣ ያለዚያም ከተቋራጩ ጋር ዝምድና የሌለው ተቆጣጣሪ ይቅጠር።

ውሉ የግድ በጽሑፍ ይሁን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሥራ ውል በሚናገርበት ክፍል ተቋራጩ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ነገር ግን ምን እንደ ተሠራ የሚመሰክር ወረቀት የሌለው ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ምን ይላል? ቀብድንም በሚመለከት ያው ሕግ፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ለዕቃ መግዣ አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብና ቀብዱ በወረቀቱ ላይ ተለይተው ይጻፉ። የቀረው ክፍያ በቀን ቁጥር ሳይሆን በሥራው ደረጃ ይከፈል፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ጣራው ሲከደን፣ ልስኑ ሲደርቅ።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጣራ የሚከፈተው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ምርጊቱም በበጋው ፀሐይ በዝግታ ይደርቃል፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣም ልስኑ ያልቃል። በግንቦት የሚጀምር ተቋራጭ ከክረምቱ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ርጥቡን ግድግዳ በቀለም ሸፍኖ የሚያስረክበውም እንዲህ ያለው ነው። ከዋጋው ጥቂቱ፣ ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል፣ የሚቀጥለው ክረምት እስኪያልፍ በባለቤቱ እጅ እንዲቆይ አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ መስከረም ሲጠባ ሁለቱ አብረው ኮርኒሱ ላይ ወጥተው ወራጆቹን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ የግድግዳውን እግር ዙሪያውን ዞረው ያያሉ፣ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ሂሳቡ ይዘጋል። በዚህ ውል የሚቀየሙ ተቋራጮች አጋጥመውኛል፤ ከእነርሱ ጋር ግን አንድም ቤት አልሠራሁም።