ትከሻና ሂሳብ

ቨርጂኒያ ውስጥ የጸደይ ተርኪ አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እኔ ወደማስተምርበት የተኩስ ሜዳ የሚመጣው ሰው አብዛኛው አንድ ዓይነት የጥይት ካርቶን ይዞ ይመጣል፤ 12 ጌጅ፣ ሦስት ኢንች ተኩል የሚባለው፣ እያንዳንዱ ጥይት ውስጥ 57 ግራም እርሳስ ያለበት። ለምን እሱን እንደመረጠ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ መደርደሪያው ላይ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ እሱ ስለነበር።

አበሻ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከጥይት ያልፍና የዘር ጉዳይ ይሆናል። አንዱ ወጣት፣ “ቀለል ባለው እንጀምር” ስለው፣ “ጋሼ፣ የአያቴ ውጅግራ እኮ እቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር፤ ይሄማ ምን አላት!” አለኝ። እኔም ውጅግራን አከብራለሁ። ግን ሂሳቡን ሠርተን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ያ የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚተኩሰው 25 ግራም ጥይት ነው፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ፣ ጠመንጃው ራሱ ከአራት ኪሎ በላይ። ልጁ የያዘው ሾትገን 3.4 ኪሎ ነው፤ የሚወረውረው ደግሞ በሴኮንድ 365 ሜትር የሚሄድ 57 ግራም። የአያቱን ጠመንጃ ሦስት እጥፍ ያህል የሚረግጥ ነገር ነው ትከሻው ላይ የደገነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሸክላ ኢላማ የምንተኩሰው 28 ግራም ቀላል ጥይት ያንኑ 3.4 ኪሎ ጠመንጃ በሴኮንድ 3.4 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጉልበቱ ወደ 20 ጁል ነው። 57 ግራሙ፣ ውታፉና ባሩዱ ሲታሰብ፣ ወደ 7 ሜትር ያደርሰዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ነው፤ ጉልበቱ ግን የፍጥነቱን ካሬ ስለሚከተል አራት እጥፍ ሆኖ 80 ጁልን ያልፋል። አፍሪካ ውስጥ ጎሽ የሚታደንበት 375 ማግነም እንኳ በተለመደው ክብደቱ ይህን ያህል አይረግጥም። ተርኪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ኪሎ የማይሞላ ወፍ ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት መጣ ቢባል ጣጣው የጀመረው ከዳክዬና ከዝይ ነው። አሜሪካ በ1991 የውሃ ወፍ በእርሳስ እንዳይታደን በአገር አቀፍ ደረጃ ከለከለች። በቦታው የገባው ብረት ከእርሳስ በጣም ይቀላል፤ ያንኑ ያህል ርቀት ሄዶ ያንኑ ያህል እንዲመታ ፍሬው መተለቅ፣ ፍጥነቱም መጨመር ነበረበት። ለትልቅ ፍሬ ደግሞ ረጅም ቀለሃ ያስፈልጋል። ሦስት ኢንች ተኩሉ 12 ጌጅ ክልከላው ሲቃረብ በ1988 ሞስበርግ 835 ከሚባለው ጠመንጃ ጋር ብቅ ያለው ለዚህ ነው። ተርኪ አዳኙ ግን እርሳስ አልተከለከለበትም። ለብረት የተሠራውን ባዶ ቦታ በእርሳስ ሞላው፤ ትከሻው አሁን ዕዳውን ይከፍላል።

አቋቋምን ማስተካከል ቀላሉ ሥራ ነው። ክብደት ወደ ፊት እግር፣ ጉልበት ላላ፣ አፍንጫ ከፊት እግር ጣት በላይ። ሰደፉ የሚያርፈው ክንድ ከትከሻ በሚጋጠምበት አጥንት ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደ ደረት ገባ ብሎ ባለው ሥጋ ላይ ነው፤ ክርኑን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ቦታው ራሱ ጎድጎድ ብሎ ይከፈታል። የፊት እጅ ጠመንጃውን ወደ ዒላማው ይገፋል፣ የኋላው ወደ ራስ ይስባል፤ ሁለቱ ሲሳሳቡ ብዙው ርግጫ ትከሻ ሳይደርስ ክንድ ላይ ያልቃል። ሰደፉን ከትከሻ አላቅቆ የሚይዝ ሰው ግን በገዛ እጁ መዶሻ እየሠራ ነው።

ጉንጭን ግን ችላ አልልም። “ትከሻዬን መታኝ” የሚል ሰው ፊቱን ባየው ብዙ ጊዜ የተመታው ጉንጩ ነው። ሰደፉ አጭር ወይም ከላይ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ሰውየው ራሱን ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል፤ በጉንጩና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ጠመንጃው ሲዘል ክፍተቱን የሚዘጋው በጥፊ ነው። መሃል ጣት ላይ ሰንበር ካየሁ ደግሞ የቃታው ቀለበት እየመታው ነው፣ ብዙ ጊዜም ሰደፉ አጥሮታል ማለት ነው። ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ እኔ ፊቱንና ጣቱን አያለሁ።

የከፋው ቦታ ጠረጴዛው ነው። አፈሙዝን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ፣ ተቀምጦ፣ ደረትን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ከባድ ጥይት መተኮስ! ቆሞ ሲተኮስ ወገብ ይለጠጣል፣ እግር ይመለሳል፣ ገላ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይካፈላል። ተቀምጦ የሚተኩስ ሰው ግን የሚያፈገፍግበት የለውም፤ ሁሉንም ትከሻው ብቻውን ይቀበላል። ስለዚህ የማነጣጠሪያውን አቅጣጫ ማስተካከል በቀላሉ የሸክላ ጥይት ይጀመራል፤ ከባዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ፍሬው እንዴት እንደሚበተን ለማየት ብቻ ነው። በሰደፍና በትከሻ መካከል ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ማስገባትም አያሳፍርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚቀር ነገር አለ፤ መበርገግ። ይህን ለማየት አንድ ዘዴ አለኝ። ጠመንጃውን እኔ እሞላለሁ፤ በመካከሉ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አስገባለሁ፤ መቼ እንደሚመጣ ተኳሹ አያውቅም። ተራው ሲደርስ ቃታው ይሳባል፣ ጠቅ ብሎ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት የማየው ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ምንም ሳይፈነዳ የግራ ዓይን ጭፍን ይላል፣ ትከሻው ወደ ፊት ይወረወራል፣ አፈሙዙ እንዲያውም አፈር ወደ ማየት ይወርዳል። ተርኪዋን የሳታት ጠመንጃው አይደለም። ከአጠገቡ ቆሞ የሚስቅ ጓደኛ ካለ እሱን ቀጥዬ አስተኩሰዋለሁ፤ ሳቁ ብዙም አይቆይም።

መበርገግን የሚያሳድገው ሕመም ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ጩኸቱም አለበት። ጆሮው ውስጥ መሰኪያ፣ ከላዩ ደግሞ የጆሮ መሸፈኛ አድርጌለት ያንኑ ጥይት እንዲተኩስ ስሰጠው፣ “ይሄ ይሻላል፤ ቀየርከው እንዴ?” የሚለኝ ሰው ጥቂት አይደለም። አልቀየርኩም። አንጎል ጩኸቱንና ምቱን አንድ ላይ ነው የሚመዘግባቸው። አፈሙዝ ላይ ቀዳዳ የሚያስበጁ ሰዎችን የማልመክረው ለዚህ ነው፤ የአፈሙዙን መዝለል ትንሽ ይቀንሳል፣ ጩኸቱን ግን ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል።

ስለ ጠመንጃው ብዙ አልልም። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት፣ በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 ስሙን ያተረፈበት፣ ምቱን ረዘም ላለ ቅጽበት ስለሚያከፋፍለው ለትከሻ ይለዝባል። ጥሩ የሰደፍ ጎማም እንዲሁ። ግማሽ ኪሎ መጨመር ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፤ ኮረብታ ለሚወጣ ሰው ግን ያ ግማሽ ኪሎ ከሰዓት በኋላ ይታወቀዋል።

ለወጣቱ በመጨረሻ ያሳየሁት ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ከተንግስተን የሚሠራ፣ ከእርሳስ ከአንድ እጥፍ ተኩል በላይ የሚከብድ ፍሬ አለ። በእርሳስ ቢሆን ለድርጭት የምትሆን 2 ሚሊ ሜትር ፍሬ በዚህ ማዕድን ተሠርታ የተርኪ አንገት ትበሳለች። በዚህ የተነሳ ቀድሞ የልጆች ጠመንጃ ይባል የነበረው 410 እንኳ፣ 23 ግራም ብቻ እየወረወረ፣ ከ30 ሜትር በላይ ተርኪ ይጥላል፤ ርግጫውም ከሸክላው ጥይት ያነሰ ነው። ዋጋው ይጎረብጣል፤ አንዷ ጥይት የብዙ እርሳስ ጥይት ዋጋ ታወጣለች። ወጣቱ አንዷን ተኮሰ፣ ወረቀቱን ሄዶ አየ፣ ተመልሶ የራሱን ካርቶን አነሳና፣ “ይሄን ይመልሱልኝ ይሆን?” አለኝ። የተከፈተ ካርቶን እንደማይመልሱ ነገርኩት።