መቆሚያ ያለው ተረት፦ ፀሐይን ከሲሪንቃ ስለመተረክ

ሚያዝያ 13 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ውስጥ ባለችው ሲሪንቃ ላይ ቀጥ ተደርጎ የተተከለ እንጨት ጥላ ያጣል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቱ ላይ ታልፋለች። ሁለተኛው ቀን ነሐሴ 16 አካባቢ ይውላል፤ ፍልሰታ የሚፈታበት፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚጨፈርበት ሰሞን። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት አራት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ስምንት ወራት ወደ ሰሜን። ከብት ይዞ ሜዳ ለሚውል የሀብሩ ልጅ ይህ ሁሉ በእግሩ ሥር ነው። ስለ ፀሐይ የሚነገረው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከሌላ ሰማይ ሥር ነው፤ ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ በኩል ከምትውልበት፣ የበጋው ቀን ከክረምቱ በብዙ ሰዓት ከሚረዝምበት አገር።

ወጣቶችን ስለ ፀሐይና ስለ ጠፈር ጉዞ በተረት እናስተምር የሚለው ሐሳብ ደጋፊ አያጣም፤ እኔም ደጋፊው ነኝ። ክርክሬ ተረትን መራራ ዕውቀት ማስዋጫ ማር አድርጎ ከሚያየው ልማድ ጋር ነው። በዚያ ልማድ ፀሐይ እማማ ትሆናለች፣ ፕላኔቶቹ ልጆቿ ይሆናሉ፤ ሰሚው ይስቃል፣ ስማቸውንም ያጠናል። ታሪኩ ሲያልቅ ግን ነገ ጧት ወጥቶ የሚያየው አንዳች ነገር አይተርፈውም። የሚያስተምር ተረት ሰሚውን አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ ቦታም ሆኖ ሊያጣራው የሚችል ነገር ይሰጠዋል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሙሉ ጽሑፉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ብርሃናት ይናገራል፤ የሚናገረውም በትረካ ነው። መልአኩ ዑርኤል ሄኖክን እየመራ ያሳየዋል፦ በምሥራቅ ስድስት በሮች አሉ፣ በምዕራብም ስድስት፤ ፀሐይ በየወሩ በር እየቀየረች ትወጣለች፣ ዳር ስትደርስ በመጣችበት ትመለሳለች። ሄኖክ ያየውን በተራው ለልጁ ለማቱሳላ ይነግረዋል። ትምህርቱ መሪ አለው፣ ተመሪ አለው፣ ሦስተኛ ሰሚም አለው፤ ሁሉም ወደ አድማሱ ዞረው ቆመዋል። ምስሉ ከሥነ ፈለክ አንጻር ትክክለኛ ነገር ይዟል። የፀሐይ መውጫ በእርግጥም በአድማሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሲሪንቃ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት 48 ዲግሪ ያህል ነው። አንድ ክፍል ተማሪ በስተምሥራቅ ያለውን የጋራ መስመር ለስድስት ከፍሎ አንዱን በር በዋርካ፣ አንዱን በመስጊዱ፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ ቢሰይም ዓመቱን ሙሉ የሚነበብ መጽሐፍ ከፊቱ ተዘረጋ ማለት ነው።

ይኸው ጽሑፍ በረጅሙ ቀን መዓልቱ የሌሊቱ እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል፦ 12 ክፍል ለቀን፣ 6 ክፍል ለሌሊት። ሲሪንቃ ላይ ግን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። አንዳንድ መምህር ይህን ልዩነት መሸሽ ይመርጥ ይሆናል። እኔ የትምህርቱ ልብ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ልጁ የተነገረውን ከሚያየው ጋር ሲያስተያይ ቅዱሱን መጽሐፍ አይንቅም፤ ያ ስሌት ለየትኛው ሰማይ፣ በምን ዓይነት ቀመር ተበጀ የሚል ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወርም የእነዚህን ምዕራፎች ትርጉምና ማብራሪያ ሲያዘጋጅ ይህ ጥያቄ ገጥሞታል።

ጥላም በሁለቱም ሃይማኖቶች ቤት የታወቀ መለኪያ ነው። የግእዝ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ሰዓትን በገዛ ጥላ ርዝመት፣ በጫማ እየቆጠሩ የሚለዩበትን ሰንጠረዥ ይዘዋል። በእስልምናም የዐስር ሶላት ወቅት የሚታወቀው በጥላ ነው፤ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር የአንድ ነገር ጥላ ከቁመቱ ጋር ሲስተካከል። በሚያዝያው ቀን የቀትር ጥላ ስለማይኖር ሒሳቡ ምንም ተቀናሽ የለውም፤ ጥላው ከእንጨቱ እኩል በሆነበት ቅጽበት ፀሐይ በ45 ዲግሪ ላይ ናት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ በሚማሩበት ሀብሩ፣ ይህን ያህል የተዘጋጀ መግቢያ ያለው የጠፈር ትምህርት ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወደ ፀሐይ ስለተደረገ ጉዞ ሲነሣ ግን ወዲያው ከግሪክ የመጣው ኢካሮስ ይጠራል። በሰም የተያያዘው ክንፉ ለፀሐይ ስለቀረበ ቀልጦ የወደቀው ልጅ ታሪክ ስለ ትዕቢት የሚለው ይኖረዋል፤ ስለ ተፈጥሮ የሚለው ግን ስሕተት ነው። 1,850 ሜትር ላይ ካለው ሲሪንቃ ተነሥቶ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ሰው ወደ ፀሐይ በቀረበ ቁጥር ጋቢ ይደርባል፣ ውርጭ ያገኘዋል። የአካባቢው ልጅ ኢካሮስን በዚህ አንድ ዕውቀት ብቻ ሊሞግተው ይችላል። ከዚያ በላይ የሚከፋኝ፣ ታሪኩ የቀረበ ይቀጣል የሚል ፍርሃት ማስተማሩ ነው።

እውነተኛው ጉዞ ከዚህ የተሻለ ተረት አለው። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የአሜሪካው ናሳ ፓርከር የተባለችውን መንኮራኩር አመጠቀ። ስያሜው የዩጂን ፓርከር ነው፤ ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ነፋስ አለ ብሎ ሲጽፍ ጽሑፉን የመረመሩት ሊቃውንት አንቀበልም ያሉት፣ በ1951 ዓ.ም. በአርታኢው ውሳኔ ብቻ የታተመለት ሰው። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ91 ዓመቱ፣ ስሙን የያዘችው መንኮራኩር ስትነሣ ቆሞ አየ።

ለሲሪንቃ ልጅ ጉዞውን በሜዳ ላይ መተረክ ይቻላል። አንድ እርምጃ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሁን። ምድር የሽምብራ ፍሬ ታክላለች፤ ፀሐይ ከእንጀራ ምጣድ የምትሰፋ፣ አንድ ሜትር ያህል ክብ ትሆናለች፤ በመካከላቸው 150 እርምጃ አለ። ፓርከር ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከስድስት እርምጃ እምብዛም በማይበልጥ ርቀት አለፈች፣ በሰዓት 690,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች። ቀጥሎ ልጆቹ የማይጠብቁት ነገር ይመጣል፦ ፀሐይ ላይ መውደቅ ከባድ ነው። ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ትሮጣለች፣ ከእሷ የተነሣ ሁሉ ያንን ሩጫ ይዞ ይወጣል። ማሽላ ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ ወንጭፍ ያዞረ ልጅ ድንጋዩ ሲለቀቅ ወደ መሐል እንደማይመጣ ያውቃል። መንኮራኩሯ ሩጫዋን ለመቀነስ አጥቢያ ኮከብ የምንላትን ቬነስን ሰባት ጊዜ መጎብኘት ነበረባት። ሰባት ጉብኝት! ተራኪ ፈልጎ የማያገኘው አወቃቀር ነው።

ስለ ሙቀቱም እንዲሁ። በመንኮራኩሯ ፊት ላይ 11 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ እስከ 1,400 ዲግሪ ገደማ እንዲችል የተሠራ የካርቦን ጋሻ አለ፤ ከጋሻው ጀርባ ያሉት መሣሪያዎች የአንድ ሞቃት ቀን ያህል ሙቀት ብቻ ይሰማቸዋል። ያለፈችበት የፀሐይ አክሊል፣ ማለትም ፀሐይን የከበበው ጋዝ፣ ግን ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። እንዴት አልቀለጠችም? ቢላ ሲሳል ከድንጋዩ የሚረጨው ፍንጣሪ እጅ ላይ ሲያርፍ ብዙ አይጎዳም፤ እጅግ የጋለ ቢሆንም ኢምንት ነው። አክሊሉም የጋለ ግን የሳሳ ነው። በሙቀት መጠንና በሙቀት ብዛት መካከል ያለው ልዩነት በብዙ ገጽ ከሚብራራ በዚህ ፍንጣሪ ቢነገር እመርጣለሁ።

የሚያስቆጨኝ አንድ ዕድል አልፏል። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አለፈ፤ ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ባለው ሲሪንቃ ከፊል ግርዶሽ ነበር። በዓይናችሁ አትዩ የሚለው ማስጠንቀቂያ ተሰማ፣ ትክክልም ነበር። ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ዛፍ ሥር ቢቆሙ፣ በቅጠሉ ቀዳዳ ሁሉ የሚያልፈው ብርሃን መሬት ላይ የተጎመደች ፀሐይ እንደሚሥል ስንት ልጅ ተነገረው? ክልከላ ብቻውን ትረካ አይሆንም። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች፤ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ለሚርቅ ኮከብም ቡና፣ ለፕላኔቱ አቦል የሚል ስም አስጸደቀች። አቦል ከተባለ ቶናና በረካ ይጠበቃሉ፤ ስሙ ራሱ ሌላ ፕላኔት ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ስም ነው፣ ተረቱ ግን ገና አልተነገረም።

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ትምህርት ቤቶቻቸው ለተጎዱባቸው የሰሜን ወሎ ልጆች ትረካ የመጽሐፍ ምትክ ይሁን አልልም፤ መጽሐፉም ቤተ ሙከራውም ይገባቸዋል። እንጨትና ጥላ ግን እስከዚያ ድረስ አይጠብቁም።

ከቅርጾቻችን ሁሉ ለዚህ ሥራ የተመቸው እንቆቅልሽ ይመስለኛል። ያልመለሰ ሰው አለማወቁን በአደባባይ ተናግሮ አገር ይሰጣል፣ ከዚያ ፍቺው ይነገረዋል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ያህል ሆኖ ሳለ ከእሳቱ የራቀው አክሊል እንዴት ከሚሊዮን በላይ ይግላል? ለዚህ እንቆቅልሽ ሊቃውንቱ ሁሉ የተስማሙበት ፍቺ እስካሁን የለም። የሲሪንቃ ልጅ ይህን ይዞ ከተነሣ መምህሩም፣ ፓርከርን ያመጠቁት ሊቃውንትም እኩል አገር ይሰጡታል።