«አስረካቢ» እና «ፈጻሚ»፤ በአንዲት ትንሽ የስሕተት መልቀሚያ ስብስብ መነሻነት የቀረበ ሒስ

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚዘጋጁ አጋዥ ስብስቦች ብዙውን ጊዜ የሚገመገሙት በፍጥነታቸውና በአመቺነታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን «አይስክሬም» የተባለችውን፥ ለፓይተን ቋንቋ የተዘጋጀች ትንሽ ስብስብ የምንመረምራት በስያሜ ረገድ ነው። ይህች መሣሪያ «ፈንክሽን» ለሚለው ቃል የያዝነው የአማርኛ አቻ ብቁ መሆን አለመሆኑን ለመፈተን ትረዳናለችና።

በቅድሚያ ሥራዋን እንግለጽ። አንድ ፕሮግራም ያልተጠበቀ ውጤት ሲሰጥ፥ ጸሐፊው በመሥመሮቹ መካከል የማሳያ ትእዛዝ እያስገባ ዋጋዎቹ የት ላይ እንደ ተዛቡ ይከታተላል። በፓይተን ለዚህ የተለመደው ጥሪ «ፕሪንት» ነው። «ድምር(12, 30)» የሚለው ስሌት በፕሪንት ሲታይ የሚወጣው 42 ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሲበዙ የትኛው የየትኛው ስሌት ውጤት እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። የአይስክሬም ዋና ጥሪ «አይሲ» ግን የስሌቱን ጽሕፈት ከነውጤቱ አያይዞ ያወጣል። ስሌቱን እንደ ተጻፈ ስለሚገለብጠው፥ በአማርኛ የተሰየመው በአማርኛ ይነበባል። ይህ የሚያስመሰግነው ነው።

ስሙ ግን ስለ ሥራው አንዳች አይናገርም። «አይሲ» የ«አይስክሬም» ምሕጻር ሲሆን፥ ለእንግሊዝኛ ሰሚ «አያለሁ» ከሚለው አነጋገር ጋር ድምፁ ይገጥማል። ይህ የቃል ጨዋታ ወደ አማርኛ አይሻገርም። ስለዚህ የእኛ ተማሪ የመሣሪያውን ጠባይ የሚረዳው መምህሩ በሚጠቀምበት የማብራሪያ ቃል ብቻ ነው።

በሒሳብ ትምህርት «ፈንክሽን» «አስረካቢ» ተብሏል፤ በኮምፒዩተር ረገድ ደግሞ «ተግባር» ሲባል እንሰማለን። ሁለቱን በአይሲ እንፈትናቸው። አይሲ የተሰጠውን ዋጋ ካሳየ በኋላ ዋጋውን ሳይነካ መልሶ ያስረክባል፤ በመሆኑም በሌላ ስሌት መካከል ሊገባ ይችላል። ማሳየቱን እንዲተው ቢታዘዝ እንኳ ማስረከቡን አይተውም። ፕሪንት ግን አሳይቶ የሚመልሰው «ነን» የተባለውን የባዶነት ምልክት ነው፤ የመለሰውን በ2 እናባዛ ብንል ፕሮግራሙ ይሰናከላል። ሁለቱንም «ተግባር» ብሎ የሚያስተምር መምህር ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል፤ ተማሪውም ስሕተት ለመልቀም ባስገባው ትእዛዝ ሌላ ስሕተት ይጨምራል። «አስረካቢ» የሚለውን የሰማ ግን «ምን ያስረክባል?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ይህ ሲባል «አስረካቢ» ለሁሉም ይበቃል ማለት አይደለም። ፕሪንትን «አስረካቢ» ማለት ስሙን ከግብሩ ማጣላት ነው። አይሲ ራሱም ያለ ግብአት ሲጠራ የፋይሉን ስምና የመሥመሩን ቁጥር ከማሳየት በቀር የሚያስረክበው ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ፓስካል ዋጋ የሚመልሰውንና ሥራ ብቻ የሚፈጽመውን በሁለት ስም ለይቶ ነበር፤ ፓይተን ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራል። የቋንቋው ሠሪዎች አንድ ስም መረጡ ተብሎ እኛም ለማስተማሪያ አንድ ቃል ብቻ እንድንይዝ የሚያስገድደን የለም። ዋጋ የሚመልሰውን «አስረካቢ»፥ ሥራ ብቻ የሚያከናውነውን «ፈጻሚ» ብንል፥ የአማርኛው ስያሜ ከምንጩ ይልቅ የጠራ ይሆናል።

በመጨረሻም «ዲባግ» ለሚለው «እርማት» ማለት መሣሪያው ራሱ የሚያርም ያስመስላል። አይሲ ያሳያል እንጂ አያርምም፤ የሚያርመው ሰው ነው። በሰፌድ ላይ ከስንዴ እንክርዳድ እንደሚለቀም፥ ሥራው አይቶ መለየትን ከማውጣት ጋር ስለሚያጣምር «ስሕተት ለቀማ» የተሻለ ይመስለናል። የተጠቆሙት ሦስት ቃላት በማስተማሪያ ክፍል ተፈትነው፥ የተሻለ አቻ ያላቸው አንባብያን ሐሳባቸውን ቢያቀርቡ ለመዝገቡ ይጠቅማል።