ቮልስን መንከባከብ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የሚታየው አሮጌው ቮልስዋገን፣ በቁልምጫ ስሙ ቮልስ፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ እየጠገነ የሚደሰትበት መኪና ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረው በ4 ቡሎን ብቻ በመሆኑ አውርዶ መግጠም በግቢ ውስጥም ይቻላል።

ከሥራው ሁሉ የሚያረካው ቫልቭ ማስተካከል ነው። ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት የቫልቮቹ ክዳን ተከፍቶ 0.15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስስ ብረት በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ባለው ክፍተት ይገባል፤ ሲሳብ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ልኩ ያ ነው። ይህን የሚለየው ጣት ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ ግሩም ጥበብ ነው።

የማሻሻያ ሥራም አለ፤ የቆዩት ባለ 6 ቮልት ሞዴሎች ወደ 12 ቮልት ይቀየራሉ። ለመንገድም ጥንቃቄ አለ፤ የሞተሩ ቺንጊያ ከተበጠሰ የማቀዝቀዣው ማራገቢያም ዲናሞውም አብረው ስለሚቆሙ፣ መለዋወጫ ቺንጊያ ከመኪናው አይለይም።